ከመጫወት መቁጠር ይበልጣል

የቪዲዮ ጌም የሚገዛው ሊጫወቱት ነው የሚሉ ኋላ ቀር ሰዎች ዛሬም አልጠፉም። ዲስኩን ከሣጥኑ አውጥተው ማሽኑ ውስጥ ይከቱታል፤ እስኪያልቅ ይጫወቱታል፤ ሲጨርሱ ለጓደኛ ያውሱታል። ጓደኛው ሳይመልስ፣ እነሱም ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ስንት ጌም እንዳላቸው ቢጠየቁ ጣራ ጣራውን ያያሉ። እርስዎ ግን የሠለጠኑ ሰብሳቢ ነዎትና ከእንዲህ ያለው ግድ የለሽነት ራስዎን ጠብቀዋል። እርስዎ ጌም አይጫወቱም፤ ይመዘግባሉ።

ምዝገባው የሚጀመረው ዕቃው ቤት በገባበት ማታ ነው። ሲኤልዜድ ጌምስ የተባለውን መተግበሪያ ከፍተው የስልክዎን ካሜራ ሣጥኑ ጀርባ ወዳለው ባርኮድ ያነጣጥራሉ። ወዲያው የሽፋኑ ሥዕል፣ አሳታሚው፣ የወጣበት ዓመትና የገበያ ዋጋው ከተፍ ይላሉ። ይህ ግን ለጀማሪ ነው። እርስዎ በዚህ ላይ የራስዎ ኤክሴል አለዎት፦ ሣጥኑ አለ ወይስ የለም፤ መመሪያ ደብተሩ አለ ወይስ የለም፤ ከማን ተገዛ፤ በስንት፤ ዲስኩ ስንት ጭረት አለው። ጭረቱን ለማየት ዲስኩን በጣትዎ ጫፍ ይዘው መብራት ሥር ሲያዘነብሉት የቀረበው እራት ይቀዘቅዛል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል እንኳ ዕቃን በሞዴል 19 ገቢ ካደረገ በኋላ አንድ ቀን በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል። እርስዎ ዘንድ ሞዴል 22 የሚባል ነገር የለም። የገባ ገባ ነው፤ ለጨዋታም ቢሆን ከመደርደሪያ አይወርድም።

ቀጥሎ ደረጃ ይሰጠዋል። ባክሎገሪ በተባለው መመዝገቢያ ያላለቀ፣ ያለቀና ሙሉ በሙሉ የተጠናቀቀ ጌም ለየብቻ ይመደባሉ። ያለቀ ነገር ከተጠናቀቀ በምን ይለያል ብሎ የሚጠይቅ ካለ ከነሣጥኑና ከነመመሪያው የተሟላ ጌም ይዞ አያውቅም ማለት ነው። ሃው ሎንግ ቱ ቢት የተባለው ደግሞ እያንዳንዱ ጌም ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ያሰላል፦ ዘ ዊቸር 3 ዋናው ታሪክ ብቻ 50 ሰዓት ገደማ፤ አንድም ሳይቀር ልልቀም ላለ ከ150 ሰዓት በላይ። ይህን በመደርደሪያው ልክ ይደምሩና ውዝፍዎን ይወቁ። ውዝፍ ግብር ያለበት ነጋዴ ቢያንስ የሚያስጨንቀው ሌላ ሰው ነው። እርስዎ ግን ከሥራ ሲወጡ ዘና ይሉበት ዘንድ የገዙትን ነገር ራስዎ በራስዎ ላይ ዕዳ አድርገው ይመዘግቡታል፤ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥተውም የትኛውን ልጀምር እያሉ ዝርዝሩን ሲያስተካክሉ ይመሽልዎታል።

ቀናተኞች ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ሲሉዎ የተዘጋጀ መልስ አለዎት፦ «ያለኝን ደግሜ እንዳልገዛ ነው።» ይበል የሚያሰኝ ነው። ለመግዛት ቋምጠው፣ ቅናሽ ጠብቀው፣ ገንዘብ አውጥተው ያመጡት ነገር ቤትዎ መኖሩን ኮምፒውተር ካላስታወሰዎ የማያውቁ ከሆነ፣ በርግጥም ዝርዝር ያስፈልግዎታል። በተለይ ኤፒክ ጌምስ ስቶር የተባለው የኢንተርኔት መደብር እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ጌም ማደል ከያዘ ወዲህ። ሐሙስ ሐሙስ ብቅ ብለው አንዲት ቁልፍ ይጫናሉ፤ ስሙን እንኳ በቅጡ ያላነበቡት ጌም የእርስዎ ይሆናል። ስቲም በተባለው ሌላ መደብር ላይ ያለው ለብቻ፣ ኤፒክ ላይ ያለው ለብቻ እንዳይበተን ደግሞ ጂኦጂ ጋላክሲና ፕሌይናይት የተባሉት ፕሮግራሞች ሁሉንም ባንድ ገጽ ይሰበስቡልዎታል። አሁን የማይጫወቱትን ሁሉ ባንድ ጊዜ ማየት ይችላሉ።

በዚህ መንገድ ላይ ከእርስዎ የቀደሙ አሉ። አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ የሚኖር አንድ ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ2019 በ20,139 ጌሞች የጊነስን ክብረ ወሰን ይዟል። ቆጠራው ብቻ 8 ቀን ፈጅቷል። በቀን አንድ ጌም እጨርሳለሁ ቢል 55 ዓመት ገደማ ይበቃዋል፤ ያውም አዲስ ካልገዛ። የሙያው ቁንጮ ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 የታየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው ሱፐር ማሪዮ 64 አንዱ ሣጥን ሄሪቴጅ በተባለው የጨረታ ድርጅት 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ዋጋውን እዚያ ያደረሰው የታሸገበት ላስቲክ አለመቀደዱ ነው። ከፍቶ የተጫወተበት ልጅ ምን ያህል ገንዘብ እንዳቃጠለ ይታይዎት።

ከዚህ ሁሉ ሥልጣኔ ርቀው አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውሉ ልጆች አሉ። ማሽኑም ዲስኩም የቤቱ ነው፤ የእነሱ ተራቸው ብቻ ነው። ፊፋ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ይከፍላል፤ ያሸነፈ ወንበሩን አይለቅም። ማን ማንን ስንት ለስንት እንዳሸነፈ ሳይጽፉት ለወራት ያስታውሱታል፤ በዚያው ሲሳደቡና ሲስቁ ይመሻል። ምስኪኖች! አንድም የተመዘገበ ንብረት የላቸውም።

አሁን አንድ ትንሽ ነገር ላንሣ፤ ደስታዎን ለማደፍረስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ ስቲም ላይ ሊከፍሉ ሲሉ የሚገዙት ፈቃድ መሆኑን የሚናገር ማሳሰቢያ ይመጣል። ፈቃድ ደግሞ ይነሣል። ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ጌም ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ አድርጎ ሸጠው፤ በመጋቢት 2024 መጨረሻ ሰርቨሩን ዘጋ፤ ቀጥሎም የገዢዎቹን ፈቃድ አነሣ። ዲስኩን መደርደሪያ ላይ የደረደሩትም ክብ ፕላስቲክ ታቅፈው ቀሩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያሉ አባቶች ቢያንስ ላሚቱን በኤክሴል አልመዘገቧትም።

ከዚህም በላይ የስቲም ውል አካውንትን ለሌላ ማስተላለፍ ስለማይፈቅድ ለልጆችዎ ልናዘዘው ቢሉ አይሆንልዎትም። ቢሆንም አይሥጉ። ኤክሴሉ የራስዎ ሥራ ነው፤ እሱን ማንም አይከለክልዎትምና በኑዛዜው ላይ ያስፍሩት። ወራሾችዎ ስሙን፣ ዋጋውን፣ የተገዛበትን ቀንና ደረጃውን አንድ ባንድ ያነቡታል። ሊጫወቱት አልቻሉም ብለው አይዘኑ፤ እርስዎም አልተጫወቱትም።