እሳት አደጋ አልገባሁም

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ደብረ ብርሃን
ከኤደንብራ፣ ስኮትላንድ

እማዬ፣ ለሚጣ የላክሁላትን ፎቶ አይተሽ «ይህ ልጅ እሳት አደጋ ገባ እንዴ?» አልሽ አሉ። አልገባሁም። ጎልፍ ስጫወት ነው የተነሣሁት፤ የለበስሁትም የዝናብ ልብስ ነው። ሚጣ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ጨዋታው ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ራቅ ካለ ጉድጓድ መክተት ነው፤ እንደ ገና ጨዋታ ኳስ የሚነጥቅ፣ ቅልጥም የሚመታ የለም። ጠላት አየሩ ብቻ ነው። ሜዳው ሙስልብራ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ይገኛል፤ የፈረስ መሮጫ የከበበው፣ 9 ጉድጓድ ብቻ ያለው አሮጌ ሜዳ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1672 እዚያ ጎልፍ እንደተጫወቱ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያም በፊት፣ ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ የእኛን ደብረ ብርሃን በቆረቆሩበት ዘመን፣ በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ጎልፍን በአዋጅ ከልክሎ ነበር፤ ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን እየተወ ኳስ ሲያባርር ቢያስቸግር ነው። አዋጅ ያላስቆመውን ሰው ዝናብ ያስቆመዋል ብለሽ አትጠብቂ።

ዝናቡ ደግሞ ከላይ አይመጣም፣ ከጎን ነው። ነፋሱ ከባሕሩ ተነሥቶ በአንገት ይገባና በእጅጌ ይወጣል። ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ጃንጥላውን ወደ ፈረሶቹ ሸኝቶ ይቀራል። በፈረንጆቹ 2002 ከዚሁ ዳርቻ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ፣ ሙርፊልድ በሚባል ሜዳ ላይ፣ ያኔ በጎልፍ የዓለም አንደኛ የነበረውን ታይገር ዉድስን እንዲህ ያለ ማዕበል አግኝቶት በአንድ ቀን 81 ጊዜ መታ። የሜዳው ልክ 71 ነበር፤ በዚህ ጨዋታ ብዙ የመታ ነው የሚሸነፈው። ልብስ መግዣ አጥሮት እንዳይመስልሽ!

ወደ ልብሱ ልምጣ። የጎልፍ ዕቃ ሱቅ ብትገቢ አንድ የዝናብ ጃኬት ከነሱሪው ከ200 ፓውንድ በላይ ይሉሻል። ሚጣ፣ ይህን ወደ ብር እንዳትመነዝሪላት። እኔ ጃኬቱን የገዛሁት የተራራ ተጓዦች ከሚገበዩበት ሱቅ፣ ወቅቱ አልፎ ዋጋው ሲወርድ ነው፤ ሱሪውን ደግሞ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ሳልቫጅ ከሚሸጡበት። ዝናብ የጎልፍ ጃኬትና የእግረኛ ጃኬት ለይቶ አያውቅም። የጎልፉ ጥቅም አለው ከተባለ ትከሻው ሰፋ ማለቱና ሲወዛወዙ አለመንኮሻኮሹ ነው። ስለዚህ ጃኬቱን ሱቁ ውስጥ ለብሼ፣ ዱላ እንደያዝሁ አድርጌ ክንዴን ወደ ኋላ ስወነጭፍ ጥበቃው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ትከሻዬን አልያዘኝም፣ አልተንኮሻኮሸም፤ ከፈልሁና ወጣሁ። ጥበቃው እስከ በር ሸኘኝ።

ከመክፈሌ በፊት ግን ወረቀቱን አንብቤያለሁ። 10,000 የሚል ቁጥር ካለበት ጨርቁ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢጫነው አያሳልፍም ማለት ነው፤ የሚቆጥሩት በሚሊሜትር ነው። ቀጥሎ ልብሱን ገልብጬ ስፌቱን አያለሁ። መርፌ ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ነውና ስፌቱ ከውስጥ በፕላስተር ካልታሸገ ያ ሁሉ ቁጥር ከንቱ ነው። ሱሪው ደግሞ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ዚፕ ይኑረው። ዝናብ ሲጀምር ጭቃ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ከጫማ ጋር መታገልን ለጠላት አይስጥ።

ዋናው ነገር ያለው ከውስጥ ነው። አንድ ጎንደሬ ጓደኛችን በጥጥ ሹራብና በጂንስ መጣ። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ጂንሱ ውሃ ጠጥቶ ስለከበደ በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በሌላው ዱላውን ይዞ ነበር የሚመታው። ብዙ ክለቦች ጂንስ የሚከለክሉት ለክብራቸው ብለው ነው፤ እኔ ለጤናው ብዬ ከለከልሁት። ጥጥ አንዴ ከረጠበ የገላን ሙቀት ይወስዳል። ሱፍ ግን የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ውጦ እንኳ ረጠብሁ አይልም። እዚህ ያሉ ዐዋቂዎች ልብስ በሦስት ድርብ ነው ይላሉ፤ ከገላ ላይ ላብ የሚያወጣ ስስ ነገር፣ ከመኻል ሱፍ፣ ከላይ ዝናብ የሚመልስ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መንዝ ላይ በክረምት ከብት ሲጠብቅ ባናውን ደርቦ ገሳውን ከላይ ጣል ያደርግ የለም? ማን 200 ፓውንድ ጠየቀው?

ጓንቱ ይገርምሻል። በደረቅ ቀን በአንድ እጅ ብቻ ነው የሚደረገው፤ የዝናቡ ግን ለሁለቱም እጅ ነው፤ ጨርቁም ሲረጥብ ነው ዱላውን ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው። ዝናቡ ከዘገየ ሽማግሌው ከጠርሙሳቸው ውሃ ያፈሱበታል። ትርፍ ካልሲ በፌስታል ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ የእግር ነገር ቀልድ አይደለም።

አንድ ቀን እዚህ መጥተሽ ልብሴን ልጠብ ማለትሽ አይቀርም። ጃኬቱን በልብስ ማለስለሻ እንዳታጥቢብኝ፤ ውሃ የሚመልሰውን ቅባት ያበላሸዋል።

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ በርበሬውን ቀንሰሽ ከመንዝ ሱፍ የተሠራ ኮፍያ ላኪልኝ። ለሽማግሌውም አንድ ጨምሪ፤ ራሳቸው ተለቅ ያለ ነው። ሚጣ፣ በርበሬ ቀንሱ ያልሁትን አታንብቢላት፤ በርበሬውም ኮፍያውም ይምጣ።

ልጅሽ