ሉልና ላንድክሩዘር

በጥር ወር መካኒሳ አቦ አካባቢ የጎረቤት ልጅ ጥሎሽ ላይ ተጠርቼ ነበር። ሻንጣው ተከፈተ። ቀሚሱ ወጣ፤ «አላየንም! ከፍ አድርጉት!» ተባለ። ጫማው፣ ሽቶው፣ ወርቁ በእልልታ አለፉ። አንደኛው ሽማግሌ ነጭ የሉል ሀብል በጣታቸው አንጠልጥለው ሲያወጡ ግን ቤቱ ጭጭ አለ። ወርቅ ምን አለበት፣ ሚዛን ላይ ወጥቶ ግራሙን ራሱ ይናገራል። ሉል ሊቅ ይፈልጋል፤ ሊቅ ደግሞ፣ ተመስገን፣ ሰፈራችን አጥቶ አያውቅም።

የመጀመሪያውን ፈተና የሙሽሪት አክስት አቀረቡ፦ «ከየት ነው የመጣው?» ሀብሉን ገና አልነኩትም። መንካት የጀማሪ ነው። «ከዱባይ» ሲባል ፊታቸው ፈካ። እውነትም ዱባይ ከነዳጁ በፊት በሉል ጠላቂዎቿ የምትተዳደር ከተማ ነበረች፤ ጃፓናዊው ሚኪሞቶ እ.ኤ.አ. በ1893 በዛጎል ሆድ ሉል ማርባት ከጀመረና የእርባታው ሉል ገበያውን ካጥለቀለቀው በኋላ ግን የጠላቂዎቹ እንጀራ ተቆረጠ። አክስት ይህ አያሳስባቸውም። ከቀይ ባሕር፣ እዚሁ ከዳህላክ ደሴቶች ሉል ሲለቀም እንደኖረ ቢነገራቸው ከንፈራቸውን ያጣምሙ ነበር። ከቅርብ የመጣ ነገር ምን ዋጋ አለው?

ሁለተኛው ሊቅ አጎትየው ናቸው፤ ላይተር ከኪሳቸው መዠረጡ። «እውነተኛ ሉል እሳት አይፈራም!» እንዴት ያለ ግሩም ዘዴ ነው! እሳት የእውነተኛውንም ቆዳ ስለሚያጠቁር፣ ሀብሉ ኦርጅናል ከሆነ ኦርጅናልነቱ እዚያው ያበቃል፤ ክርክርም አይኖር። ሽማግሌው ፈጥነው እጃቸውን ሰበሰቡ።

አንዲት አሮጊት ብቻ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አንዷን ፍሬ የፊት ጥርሳቸው ላይ ፈተግ ፈተግ አደረጉና «ሙልጭልጭ ይላል» አሉ። እውነተኛ ሉል፣ ከባሕር ተለቅሞም ሆነ በሰው እጅ ረብቶ፣ ጥርስ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል። (የባሕሩን ከእርባታው ለመለየት ጥርስ አይበቃም፤ ኤክስሬይ ይጠይቃል።) ግን የቀሯቸው ጥርሶች ሁለት ናቸውና ምስክርነታቸው አልጸናም።

ተራዬ ደርሶ ሀብሉን ያዝኩት። ጥሩ ሉል ላይ ሰው ፊቱን ያያል፤ እኔ ያየሁት የአምፖሉን ብዥታ ነው። ክሩ በሚገባበት ቀዳዳ ዳር ቀለሙ እንደ አሮጌ ግድግዳ ተልጦ ፕላስቲኩ ብቅ ብሏል። በፍሬዎቹ መሃል አንድም ቋጠሮ የለም፤ ውድ ሉል ክሩ ቢበጠስ ሁሉም እንዳይበተን በየፍሬው እየተቋጠረ ነው የሚሰካው። አፌን ልከፍት ስል አክስት በመስኮት ወደ ደጅ እየጠቆሙ፣ «መኪናውን አላየኸውም እንዴ?» አሉኝ።

አየሁት። ላንድክሩዘር ነው። ሉሉ ኦርጅናል ሆነ፤ እልልታው ቀለጠ።

ሻንጣው ጥግ አንዲት ቀለበት ቀርታ ነበር፤ ሲያዘነብሏት አረንጓዴና ብርቱካን እሳት የሚጫወትባት ኦፓል። እ.ኤ.አ. በ2008 ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ የውጭ ጌጥ ነጋዴ የሚፈልገው ድንጋይ ነው።

«ይቺስ ከየት ናት?» አሉ አክስት።

«ከወሎ። ከደላንታ።»

«ውይ! የኛው ድንጋይ» አሉና ሳጥኗን ክድን አድርገው ከጫማው ሥር አስገቧት።