ውሃው በየት ገባ?

ባለቤቴ ገና ሳይነጋ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር “ዛፉ የእነሱ ነው፤ እነሱ ይክፈሉ” የሚል ነበር። ማንም ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ኦክቶበር 29 ቀን 2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል እኛ ያለንበትን የሜሪላንዷን ሲልቨር ስፕሪንግን ሲያናውጥ አመሸና፣ የጎረቤታችን ትልቅ የኦክ ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ጣሪያችን ላይ ወደቀ። መብራት ቀድሞ ጠፍቶ ስለነበር እናቴን በጨለማ እየዳበስን ነው ከክፍሏ ያወጣናት።

በዚህ አገር ግን ዛፉ ከማንም ግቢ ይምጣ፣ መጀመሪያ የሚከፍለው የወደቀበት ቤት ኢንሹራንስ ነው። ጎረቤት የሚጠየቀው ዛፉ መድረቁን ወይም መበስበሱን እያወቀ፣ አስቆርጠው እየተባለ ዝም ካለ ነው። የጎረቤታችን ዛፍ ጤነኛ ነበር። አሮጊቷ ጎረቤታችን ጠዋት ዝናቡ ላይ ቆመው ይቅርታ ሲጠይቁን ይህን ማወቃችን ከጠብ አዳነን። ዛፉ ቤቱን ስቶ ሣሩ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ደግሞ የማስነሻውን የሚከፍል አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ያው ዛፍ መኪናችንንም ጨፍልቋል፤ እሱ ከቤቱ ኢንሹራንስ ጋር አይገናኝም፣ የሚጠየቀው የመኪናው ነው፣ ያውም ፉል ካቨሬጅ ካለ።

ወዲያው አንድ ሰው በራችንን አንኳኳ። “ጣሪያውን ዛሬውኑ እሠራለሁ፣ ዲዳክቲብሉንም፣ ማለትም ከኪሳችሁ የሚወጣውን የመጀመሪያ ክፍያ፣ እኔ እችላለሁ፣ እዚህ ጋ ፈርሙ” አለ። ወረቀቱን አንብቤ ስጨርስ፣ ከኢንሹራንሱ የሚመጣውን ገንዘብ በሙሉ ለእሱ የሚያስረክብ ሆኖ አገኘሁት። ስንቱ ወገናችን በድንጋጤ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ፈርሟል! ሰውየውን ሸኝተን መጀመሪያ ፎቶ አነሳን፣ ከዚያ ቀዳዳውን በሸራ ሸፍነን ደረሰኙን አስቀመጥን። ጉዳቱ እንዳይብስ ማድረግ የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ለዚያ የወጣውም ተገቢ ወጪ ይተካል።

ጉዳቱን ለመገመት ከኢንሹራንሱ የመጣው አጃስተር ጨዋ ሰው ነበር። መሰላል አስደግፎ ወጣ፣ ለካ፣ ጻፈ። ዝናቡ የገባው ነፋስ በጣለው ዛፍ በተከፈተ ቀዳዳ ስለሆነ ጣሪያው፣ ኮርኒሱ፣ የረጠበው ፍራሽ ሁሉ ይሸፈናል አለን። ቤዝመንት ወረደና ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ውሃው በየት ገባ? መብራት ሲጠፋ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ቆሞ ከጉድጓዱ ሞልቶ ፈስሷል። መጻፉን አቆመ።

የእናቴ ሻንጣ የነበረው እዚያ ነው። የቀሚሷ ጥበብ ቀይ ቀለም ለቆ ነጠላዎቿን በሙሉ አበላሽቷቸዋል። የአባቴ ፎቶዎች እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ስናላቅቃቸው ፊቱ ከሌላው ጀርባ ላይ ይቀር ነበር።

ጎርፍ በተራ የቤት ኢንሹራንስ አይሸፈንም። በፓምፕ ወይም በፍሳሽ መስመር ተመልሶ የሚመጣው ውሃ ደግሞ ለብቻው ተጨምሮ የሚገዛ ሽፋን አለው። ኢንሹራንሱን የሸጠልን ኤጀንት ስለዚህ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ለእናቴ ሳስረዳት “የአንድ ሌሊት ዝናብ አይደለም እንዴ ልጄ? ከላይ የመጣው ይከፈላል፣ ከታች የመጣው አይከፈልም፤ ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?” አለችኝ።

ምክንያቱ ይገባኛል። ጎርፍ ሰፈሩን ሁሉ ባንዴ ስለሚመታ ኩባንያዎቹ ይሸሹታል፤ የፌዴራሉ መንግሥት በ1968 የራሱን የጎርፍ ኢንሹራንስ ያቋቋመው ለዚህ ነው። ለቤቱ እስከ 250,000፣ ለዕቃው እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል፤ ቤዝመንት ውስጥ ላለ ንብረት ግን ሽፋኑ ጠባብ ነው። እኔን የሚያስቆጣኝ ይህን የመሰለ ነገር በደቃቅ ፊደል ተቀብሮ፣ እንግሊዝኛ ለማያነቡ ሰዎች “ሁሉ ነገር ተሸፍኗል” ተብሎ መሸጡ ነው።

ዲዳክቲብሉም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ለሀሪኬን በመቶኛ የሚያሰሉ ፖሊሲዎች አሉ፤ 400,000 ዶላር ኢንሹራንስ በተገባለት ቤት 2 በመቶ ማለት የመጀመሪያው 8,000 ዶላር ከኪስ ይወጣል ማለት ነው። ሳንዲ የኒው ጀርሲን ጠረፍ ከመምታቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሀሪኬን መሆኑ አብቅቶ ስለነበር፣ የኒው ጀርሲና የኒው ዮርክ ገዥዎች ኩባንያዎቹ ይህን እንዳያስከፍሉ አሳውቀው ነበር። ተገቢ ሥራ ነው የሠሩት።

ወላጆቻችሁ ቤት ካላቸው ፖሊሲውን ዛሬ ማታ አውጡትና የማይሸፈኑት የተዘረዘሩበትን ገጽ በአማርኛ አስረዷቸው። ለኤጀንቱ ደውላችሁ ተመልሶ ስለሚመጣው ውሃ ጠይቁ። የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው በተገዛ በ30 ቀኑ ስለሆነ፣ ማዕበል መጣ ሲባል መሮጥ አይጠቅምም። ኩባንያው አልከፍልም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በየስቴቱ አቤቱታ የሚቀበል የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ፣ የሜሪላንዱም በነፃ ነው የሚያስተናግደው።