«አሳልፈው!» ባይ ትውልድ

ቅር ቢላችሁም ልናገር ነው። እናንተ ወጣቶች ዘፈን መስማት አታውቁም፤ የምታውቁት መቅመስ ነው። የልጄ ልጅ ለእረፍት በመጣች ቁጥር ስልኳን ከማጉያው ጋር ታገናኝና ዘፋኙ ገና ጉሮሮውን ሳይጠርግ ጣቷን ትሰዳለች። «አሳልፊው!» ይላል ወንድሟም ከወዲያ ሆኖ። ሌላው ይጀምራል፤ ሳክስፎኑ መግቢያውን ሳይጨርስ እሱም ይባረራል። ቡናው አቦል ሳይደርስ ስንቱ ዘፋኝ ቤቴ ገብቶ ሳይቀመጥ ይወጣል! የእግዜር እንግዳ እንዲህ ይሸኛል?

እኔ ያደግሁት ደብረ ወርቅ ማርያም ሥር ነው። ዘፈንን ከማኅሌት ጎን ማንሳት ነውር መሆኑ አይጠፋኝም፤ እመቤቴ ይቅር ትበለኝ። ግን ሥርዓት የሚባለውን ያየሁት እዚያ ነው። መዘምራኑ በቁም ዜማ ይጀምራሉ፤ ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ። ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል። ከዚያ ከበሮው ገብቶ መረግዱ ይመጣል፤ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ጽፋት ላይ ይደርሳል። መሀል ላይ ያንቀላፋ ዲያቆን አይጠፋም። «ቁሙን ተዉትና ጽፋቱን ብቻ አምጡ» ያለ መሪጌታ ግን አላየሁም።

አልበምም ተራ አለው። ባለስልሳ ደቂቃው ካሴት በየፊቱ ሠላሳ ደቂቃ፣ አምስት ስድስት ዘፈን ይይዛል። ሙዚቃ ቤቱ ሞኝ አይደለም፤ ገበያ የሚጠራውን ያስቀድማል፤ ሲገለበጥ ሰው እንዳይተኛ ሁለተኛውን ፊት በሌላ ጉልበተኛ ይከፍታል። በመሀል ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አንቺ ሆዬውን ያፈራርቃል። እዚያ መሀል ላይ አንዲት ድምጿን ዝቅ ያደረገች ዘፈን አለች። ልጆቹ «ማሟያ» ይሏታል። በመጀመሪያው ሳምንት እኔም ልብ አልላትም። ዓመት ሲሞላ ግን ፊተኛዋ ሠርግ ቤት ተጨፍሮባት ተጨፍሮባት ትሰለቻለች፣ ያቺ አራተኛዋ በሌሊት መጥታ ታባንነኛለች። አሳላፊው ትውልድ እሷን ሳያውቃት ያረጃል።

እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ያን ጊዜ እስከ መጨረሻው የምንሰማው በትዕግስታችን ብቻ አልነበረም። ወደ ፊት ማጠንጠን የባትሪ ድንጋይ ይጨርስ ነበር። ድንጋዩ ደግሞ ውድ ነው፤ የደከመውን ፀሐይ ላይ አስጥተን መልሰን እንከተዋለን። ድንጋዩ ሲደክም ጥላሁን ገሠሠ ራሱ ታሞ የሚያንጎራጉር ይመስል ነበር፤ እሱንም እስከ መጨረሻው ሰምተነዋል። ቸኩሎ ቁልፉን የነካካ ሰው ካሴቱን ቴፑ ይበላበታል፤ ከዚያ ክሩን መዝዞ በእስክሪብቶ ማጠንጠን ነው፣ ከሰፈሩ ስድብ ጋር።

ከተማ ላይ ደግሞ የደርግ ሰዓት እላፊ ነበር። ሰዓቱ ያለፈበት ሰው እስኪነጋ ካለበት አይነቃነቅም። ካሴቱ ተጀመረ፣ በሩ ተዘጋ፤ ወዴት ታሳልፋለህ? ሌሊቱን ሙሉ ሲገለበጥ ያድራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የኢትዮጵያን አልበም ጆሮ ያሰለጠነው ሙዚቃ ሃያሲ አይደለም፤ ሰዓት እላፊና የባትሪ ድንጋይ ናቸው።

ይህን ስናገር ያቺ የልጄ ልጅ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አባባ፣ በእናንተ ጊዜም እኮ ሸክላው ባለሁለት ዘፈን ነበር!» ማን እንደነገራት እንጃ። ነገሩስ እውነት ነው። ሸክላ የማሳተሙ መብት የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ጊዜ አምሐ እሸቴ ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ፤ በጥቂት ዓመት ካወጣው ውስጥ የሚበዛው በየፊቱ አንድ አንድ ዘፈን ያለበት ትንሹ ሸክላ ነው፣ ረጅሙ ጥቂት ነው። እዚህ አገር አልበምን የሰው ሁሉ ያደረገው ካሴት ነው። ግን አንች ልጅ፣ ያንን ትንሽ ሸክላ ለመገልበጥ እንኳ ሰው ከመቀመጫው ይነሳ ነበር! ተነስቶ የገለበጠ ሰው ደግሞ የገለበጠውን ይሰማል።

ምን እንስማ ካላችሁ፣ ልብ ካላችሁ ማለቴ ነው፣ ከማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጅየም ውስጥ ታትሞ ፈረንጅ አፉን የከፈተበት ይኸው ነው፤ እነሱ አማርኛ ሳይሰሙ እስከ መጨረሻው ካደመጡት እናንተ ምን ቤት ናችሁ?

የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው»ም አለ፣ እ.ኤ.አ. የ1977። ዘፋኝ የለውም። ወንዱ የልጅ ልጄ «ግጥሙ መቼ ነው የሚገባው?» ብሎ አልበሙ እስኪያልቅ ጠበቀ! በረከት ነው፤ ሳያስበው ሙሉውን ሰማልኝ። ኦርጋኑን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ ኋላ አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 እዚያው ብቻውን የሠራው ካሴት ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2013፣ እንደገና ታትሞ እሱንም ወደ መድረክ መለሰው።

ከእኛው ከጎጃም ሙሉቀን መለሰ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው ሸክላ አለላችሁ። ሙሉቀን ዘፈኑን ትቶ ወደ መዝሙር ዞረ፤ በ2016 ዓ.ም. አሜሪካ ሳለ አረፈ። ያ ድምጽ ከመሀል ሲጀመር ያመኛል፤ አጥንቴን ነው የሚያመኝ።

የቻግኒዋን እጅጋየሁ ሽባባውን ግን አሳልፎ መስማት በአገር ልጅነት የሚያስከስስ ነገር መሆን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣችው፣ ቢል ላስዌል ያቀናበረው፣ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርን የመሰሉ የጃዝ ጌቶች የተጫወቱበት አልበም በ«ጉድ ፈላ» ይከፈታል፤ «አባይ» መሀል ላይ ይወርዳል፤ መጨረሻው «አድዋ» ነው። ሰው ሁሉ ለበዓል «አድዋ»ን ብቻ ነጥሎ ይከፍታል። እስኪ ያን ሁሉ መንገድ ሳትሄዱ አድዋ ማን አደረሳችሁ?

«የአሁኖቹስ?» ይሉኛል። የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» በ2004 ዓ.ም. ሲወጣ ሙሉውን ሰምቻለሁ፤ በ2009 የወጣው «ኢትዮጵያ» በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ መውጣቱንም አልካድኩም። አልበም የሚሠራ አልጠፋም፤ የጠፋው ሰሚው ነው።

ዘፈን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ አገሩ ጸጥ ይል ነበር። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነቱ እዚሁ ደብረ ወርቅ የተማረ ነውና እኛማ እንደ ዘመድ ነበር የምንሰማው። «የፊታውራሪ መሸሻን ዝለልና ወደ ሰብለ ወንጌል ውሰደን» ያለ ሰው አልነበረም። ዛሬ ቢሆን ጉዱ ካሣን በሠላሳ ሰከንድ ቆርጠው ቲክቶክ ላይ ይለቁት ነበር።

መኪናው ራሱ ተበላሽቷል። ድሮ ከዚህ በብቸና፣ በደጀን አድርገን አዲስ አበባ ስንሄድ የሾፌሩ ካሴት አባይ በረሃን እስክንሻገር ሁለቱንም ፊት አዳርሶ ይደግማል፤ አስቴር አወቀን በቃሌ የያዝኩት ጎሐ ጽዮን ሳልደርስ ነው። አሁን ሾፌሩ ፍላሽ ይሰካል። ሺህ ዘፈን ተጭኖበታል አሉ። አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንድ ጣቱ ማሳለፊያው ላይ፤ በዚያ ገደል! ባለፈው «ልጄ፣ መንገዱን አሳልፈህ እንዳትጥለን» ብለው ተሳፋሪው ሳቀ። እሱ ግን የሰማኝ አይመስለኝም፤ ዘፈን እየቀየረ ነበር።

እንግዲህ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ክፍት ነው። ስልክ በር ላይ ይቀመጣል። በሙሉቀን እንጀምራለን፤ ሲገለበጥ ጠላ ይቀዳል፣ ከዚያ በፊት አይቀዳም። «አሳልፈው» ያለ የሁላችንንም ሂሳብ ይከፍላል፤ ባለቤቴም ከአሁኑ እንስራውን ቆጥራ አስቀምጣለች።