የረባሾች ቃለ ጉባኤ

አንደኛ ደረጃ ያላስተማረ ሰው ዝምታን እንደ ቀላል ነገር ያየዋል። አስኮ ያለን መምህራን ግን ዋጋውን እናውቃለን። ከአጥራችን ውጭ ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ የሚያወጣው መንገድ አለ፤ ሲኖትራክ ፍሬን በያዘ ቁጥር መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ወያላው «ጊዮርጊስ! ጊዮርጊስ! አንድ ሰው፣ የሞላ!» እያለ ከእኛ ጋር በድምፅ ሲወዳደር ይውላል። ታኅሣሥ 19 ቀን የአስኮ ገብርኤል ታቦት ሲወጣ ደግሞ እልልታው በመስኮት ይገባና ግማሹ ክፍል የሂሳብ ደብተሩን እንደያዘ አብሮ እልል ይላል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ የሚመጣ ዝምታ ካለ፣ እሱን ደግሞ 3ኛ «ለ» በሁለት ደቂቃ ያነክተዋል።

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግን የትምህርት አይደሉም፤ የችሎት ናቸው።

«ቲቸር፣ እስክሪብቶዬን ወሰደብኝ!»

«ቲቸር፣ እሷ ናት ቀድማ የሰደበችኝ!»

«ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ!»

«ቲቸር፣ የሱ ሽንት አልመጣም፤ ውሸቱን ነው!»

ይህን የመጨረሻውን ምስክርነት ዳኛ ቢሰማው ምን እንደሚወስን አላውቅም። እኔ ሁለቱንም አስወጣቸዋለሁ፤ ከሳሽም ተከሳሽም በደስታ ይወጣሉ።

መምህር ከክፍል ሲወጣ ሥልጣን የምትረከበው የክፍል አለቃ ናት። የእኛዋ አለቃ ቁመቷ ከሰሌዳው የታችኛው ጠርዝ ብዙም አያልፍም፤ ጠመኔ ስትይዝ ግን የምትፈራ ሹም ናት። «የረባሽ ስም ዝርዝር» ብላ በትልቁ ትጽፍና ሁለት ጊዜ ታሰምርበታለች። ከሥር ስም፣ ከስሙ ፊት ለፊት ኤክስ። አንድ ኤክስ ያወራ ነው። ሁለት ኤክስ ከቦታው የተነሳ ነው። ሦስት ኤክስ «ምን ታመጫለሽ?» ያላት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ከስሙ አጠገብ «በጣም» የተባለበት ነው፤ «በጣም» ከተጻፈበት በኋላ ይግባኝ የለም። የለም ማለቴ በደንቡ ነው እንጂ በተግባር ከረሜላ አለ። ተመልሼ ስገባ አንዳንዱ ስም በመዳፍ ተጠርጎ ጠፍቷል፤ ነጭ ጥላው ግን ሰሌዳው ላይ ስለሚቀር ማን እንደከፈለ ሳልጠይቅ አነባለሁ። አለቃችን የፀረ ሙስና ክበብ አባል መሆኗንም በዚሁ አጋጣሚ ልግለጽ።

ይህ የሳምንት ወሬ ሁሉ ዓርብ ላይ ወረቀት ይሆናል። ተማሪ ከተለቀቀ በኋላ ሳምንታዊ ስብሰባ አለን፤ ከስብሰባው በፊት ደግሞ የሚሞላ ቅጽ አለ። ዓምዶቹ «ተራ ቁጥር»፣ «የታየ ችግር»፣ «የተወሰደ እርምጃ»፣ «የተገኘ ውጤት» እና «ምርመራ» ይላሉ። የጓደኛውን እስክሪብቶ ሰርቆ አፉ ውስጥ የደበቀ ልጅ ቅጹ ላይ ሲደርስ «የሥነ ምግባር ክፍተት የታየበት ተማሪ» ይባላል። እኔ «በል አፍህን ክፈት!» ማለቴ «ተገቢው የምክር አገልግሎት ተሰጥቶታል» ይሆናል። እስክሪብቶው ተገኝቶ፣ ባለቤቱ አይቶት «አልፈልገውም» ማለቱ ደግሞ «ችግሩ አበረታች በሆነ ሁኔታ ተፈትቷል» ተብሎ ይጻፋል። «ምርመራ» የሚለው ዓምድ ምንጊዜም ባዶ ነው።

ርእሰ መምህራችን አጀንዳ ያስይዛሉ። የሳምንቱ አፈጻጸም፣ የተማሪዎች ሥነ ምግባር፣ ልዩ ልዩ። ያለፈው ዓርብም፣ የሚመጣው ዓርብም እነዚሁ ናቸው። አፈጻጸሙ ቀደም ብሎ በቴሌግራም ተልኮልናል፤ ስለተላከ ይነበብልናል፤ ከተነበበ በኋላ ደግሞ «ለግንዛቤ ያህል» ይብራራል። ሥነ ምግባሩ ጋ ስንደርስ ቤቱ ይሞቃል።

የሂሳቡ መምህር በዕድሜ ታላቃችን ናቸው። ሁልጊዜ ቀድመው እጃቸውን ያወጣሉ። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ብለው ይጀምሩና፣ በልጅነታቸው አባት ልጁን ለየኔታ ሲሰጥ «ከዓይኑ በቀር የፈለጉትን ያድርጉት» ይል እንደነበር ያወሱናል። የግብረ ገቧ መምህርት እጇን ታወጣለች። «ጋሼ፣ ሕገ መንግሥቱ እኮ ከጸደቀ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት ሕፃንን በአካሉ ላይ መቅጣት ከልክሏል።» ጋሼ አይበሳጩም። «ልጄ፣ እኔ መቼ ምቱ አልኩ? ተረት ነው የተረትኩት። ተረትም በአንቀጽ ተከልክሏል እንዴ?»

ከዚህ ወደ ጆሮ ይዞ ቁጭ ብድግ እንሸጋገራለን። ቅጣት ነው ወይስ ስፖርት? የስፖርቱ መምህር ለጉልበት ጠቃሚ ነው ይላል። የግብረ ገቧ መምህርት፣ ጠቃሚ ከሆነ መምህራኑም ሲያረፍዱ ይሥሩት የሚል ሐሳብ ታቀርባለች። ሐሳቡ ድጋፍ ያጣል። «አቅጣጫ ይቀመጥበት» ይባላል፤ አቅጣጫ ተቀምጦ ይቀራል፤ ተነስቶ ሲሄድ ያየው የለም።

እንግዲህ እስቲ ዓይናችንን ከአጀንዳው ወደ ተሰብሳቢው እናዙር። አዳራሽ ስለሌለን የምንሰበሰበው 5ኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጉልበታችን ከዴስኩ እየተጋጨ። የመጨረሻው ዴስክ በመጀመሪያ ይያዛል። እዚያ ሁለት መምህራን የዕቁብ ዕጣ ነገር ያንሾካሹካሉ። አንዷ ዴስኩ ሥር ስልኳን ትነካካለች። አንዱ ፈተና ያርማል፤ ሌላው ዴስኩን በእስክሪብቶ እየፋቀ ነው። የስፖርቱ መምህር አንድ ጣቱን አውጥቶ ወደ ውጭ ያመለክታል፤ ስልክ ነው ይላል፤ ከጎኑ ያለው «ውሸቱን ነው» ይላል። ርእሰ መምህሩ ዴስኩን በእስክሪብቶ ኳ ኳ ያደርጋሉ። «ቤቱ! ቤቱ ይደመጥ! እዚያ ኋላ ያላችሁ፣ ደስ የሚል ነገር ከሆነ ለሁላችንም ንገሩን!» ይህን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ጠዋት ራሴ ለ3ኛ «ለ» ተናግሬዋለሁ።

እነዚህ ሰዎች ጠባይ የጎደላቸው አይደሉም። የወለዱ፣ ያሳደጉ፣ በሰፈራቸው ሽማግሌ ተብለው የሚላኩ ናቸው። ግን ተቀመጡ ተባሉ፤ ተቀምጠው የሚሠሩት ነገር አልተሰጣቸውም፤ የሚነገራቸውን ደግሞ አስቀድመው አንብበውታል። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? መነኩሴ እንዲህ ከሆነ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደብተሩን ቀዶ አውሮፕላን ቢሠራ ምን ይገርማል?

ይህን ነገር ከእኛ ቀደም ብሎ ያስተዋለ አንድ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር አለ፤ ጃኮብ ኩኒን ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲያስተምር አንድ ተማሪ ከኋላ ጋዜጣ ዘርግቶ ሲያነብ ያየውና ይገሥጸዋል። ትኩረቱን የሳበው ግን ባለጋዜጣው አልነበረም፤ ምንም ያላጠፉት ሌሎቹ ናቸው፤ እነሱ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ሰበሩ። ኩኒን የትኛው ተግሣጽ የበለጠ እንደሚሠራ ለማወቅ ዓመታት ደከመ። በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያገኘው መልስ ለእኛ ቅጽ የሚያሳዝን ነው። ጸጥ ያለ ክፍል ያለው መምህርና ገበያ የሆነ ክፍል ያለው መምህር በሚገሥጹበት መንገድ አይለያዩም። የሚለያዩት ከዚያ በፊት ነው። ጎበዙ መምህር ሰሌዳ ላይ እየጻፈም ኋላ ያለውን ያያል፣ እንደሚያይም ልጆቹ ያውቃሉ፤ ትምህርቱ አይቆራረጥም፤ ልጁ እጁ ባዶ የሚሆንበት ፋታ የለም። «የተወሰደ እርምጃ» የሚለው ዓምዳችን እንግዲህ ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚሞላ ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ አሜሪካ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ከከተማው የምገባ ፕሮግራም በፊት ረፋዱ ላይ የሚነሳውን ጠብ የምናስታውስ እናስታውሳለን። አንገቱን ደፍቶ የሚያንቀላፋው ሰነፍ ይባል ነበር፤ ጎረቤቱን የሚነካካው ባለጌ። በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ መቅረብ ሲጀምር ከሰነፎቹም ከባለጌዎቹም ብዙዎቹ ጨዋ ሆኑ። ለካ የጎደላቸው ምክር ሳይሆን ቁርስ ነበር። በቅጻችን ላይ ግን ፍርፍር የሚመዘገብበት ዓምድ የለም።

እኔም ብሆን አንድ የማውቃት ዘዴ አለችኝ። ከመጨረሻው ዴስክ የማይነሳ፣ አራት ኤክስና አንድ «በጣም» የተሸከመ ልጅ ነበረኝ። ቢመከር ይስማማል፤ ወላጅ ቢጠራ ከወላጁ ጋር ሆኖ ለእኔ ያዝንልኛል። አንድ ቀን ጠመኔውን ሰጠሁትና «ከዛሬ ጀምሮ የረባሽ ስም የምትጽፈው አንተ ነህ» አልኩት። ክፍሉ ጉድ አለ። ልጁ ግን ዝም። ስም የሚጽፍ ሰው ለማውራት ጊዜ የለውም፤ ዓይኑ የሰው ከንፈር ላይ ነው። አለቃችን ሥልጣን ስለተካፈለች ለሳምንት አኩርፋኛለች፤ የከረሜላ ገበያውም ለሁለት ተከፈለ። ጸጥታው ግን መጣ።

ባለፈው «ልዩ ልዩ» ላይ እጄን አወጣሁ። ሦስት ነጥብ ነበረኝ። አንደኛ፣ ስብሰባው ከአንድ ክፍለ ጊዜ አይብለጥ፤ ልጅ ከ40 ደቂቃ በላይ ካልተቀመጠ እኛም አንቀመጥ። ሁለተኛ፣ በቴሌግራም የተላከ አይነበብልን፤ ማንበብ የምናስተምረው እኛው ነን። ሦስተኛ፣ ቅጹ ላይ «ልጁ ሲረብሽ የሚሠራው ሥራ ነበረው ወይ?» የሚል ዓምድ ይጨመር። የኋላው ዴስክ አጨበጨበ። ጋሼ ሳይቀሩ «ተናገረ!» አሉ።

ርእሰ መምህሩ በጥሞና ሰሙኝ። ፈገግ አሉ። «መምህር፣ በጣም ገንቢ ሐሳብ ነው። ኮሚቴ ተቋቁሞ ይታያል። እስከዚያው ግን እንዲህ ነገር የሚከታተል ሰው ስለሚያስፈልገን፣ ከዛሬ ጀምሮ ቃለ ጉባኤውን እርስዎ ይያዙልን።» ብለው መዝገቡንና እስክሪብቶውን ከነክዳኑ ወደ እኔ ገፉት። ቤቱ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ሰውዬው ርእሰ መምህር ከመሆናቸው በፊት ለካ 3ኛ ክፍል አስተምረዋል።

አሁን የምቀመጠው ከፊት ነው። አላወራም፣ ስልክ አልነካም፣ አልወጣም። መዝገቡ ላይ «ተሰብሳቢዎች በንቃት ተሳትፈዋል» ብዬ እጽፋለሁ፤ በራሴ ደብተር ጠርዝ ላይ ደግሞ ለግሌ ስም እይዛለሁ። ዕቁብተኞቹ አንድ አንድ ኤክስ አላቸው። የስፖርቱ መምህር ሦስት ሞልቶታል። «በጣም» እንዳልጨምርበት ትናንት ማኪያቶ ጋብዞኛል፤ ከኬክ ጋር።