አልጋ የሚያከራየው ንጉሥ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለጋሽዬ፦

«ንጉሥ ቤቱን ለመንገደኛ ማከራየቱ ውርደት ነው» ላሉት መልስ አለኝና ቡናው ሳይቀርብ ያንብቡልኝ።

በሕንድ፣ የጆድፑሩ ኡማይድ ባቫን ቤተ መንግሥት ዛሬ ለሦስት ተከፍሏል። አንዱ ታጅ የተባለው የሆቴል ኩባንያ የሚያስተዳድረው ሆቴል፣ አንዱ ሙዚየም፣ የቀረው የቀድሞው ንጉሣዊ ቤተሰብ መኖሪያ ነው። እኔን የሚገርመኝ ባይከራይ ነበር። 347 ክፍል ማን ይጠርጋል? የጆድፑር ንጉሥ የነበረው ማሃራጃ ኡማይድ ሲንግ በ1929 እ.ኤ.አ. መሠረቱን ሲጥል ግዛትም ግብርም ነበረው። ሥራው በ1943 አለቀ፤ እሱ በ1947 ሞተ፤ በዚያው ዓመት ሕንድ ነጻ ወጣች። ለነገሥታቱ ተቆርጦ የነበረውን ዓመታዊ ገንዘብ ደግሞ የኢንድራ ጋንዲ መንግሥት በ1971 አስቀረው። ግብሩ ቀረ፣ ድጎማው ቀረ፣ ጣሪያው ግን አልቀረም። የልጅ ልጁ ጋጅ ሲንግ በ1970ዎቹ ሆቴል ባያደርገው ኖሮ ቤቱን የሚወርሰው ርግብ ነበር።

«በድርቅ ዘመን ቤተ መንግሥት?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጉዱ እኮ እዚህ ላይ ነው፤ ለግንባታው የሚሰጠው ምክንያት ራሱ ድርቁ ነው። ዝናብ ቀርቶ ገበሬው ሲራብ ከ2,000 እስከ 3,000 ሰው የቀን ሥራ አገኘበት። እኛ አገር ሴፍቲኔት የሚባለው መሆኑ ነው፤ የእኛው እርከን ይሠራል፣ የማሃራጃው ግን ከምድር በታች መዋኛ ሠራ። በዚያ ጉልበት ኩሬ ቢቆፈር ይሻል ነበር ካሉ አልከራከርዎትም። ነገር ግን ያ ጉልበት አንዴ ድንጋዩ ውስጥ ገብቷል። ድንጋዮቹ ያለ ማያያዣ፣ የአንዱ ጥርስ በሌላው ጎድጓዳ እንዲገባ ተጠርበው የቆሙ ናቸው። ከለንደን የታዘዘው የቤት ዕቃ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከነመርከቡ ቢሰምጥ፣ ከጦርነቱ የሸሸው ፖላንዳዊ ሠዓሊ ስቴፋን ኖርብሊን የውስጡን ማስጌጥ ተረክቦ የሂንዱዎችን ጥንታዊ ግጥም የራማያናን ታሪክ ግድግዳው ላይ ሣለ። ይህን ሁሉ ለባለቤቱ ኩራት ሲባል ሳይከራይ እንዲፈርስ መተው የጠራቢውን ላብ ሁለተኛ መብላት ነው።

ውርደቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ጋሽዬ፣ እኛም ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ላይ የጃንሆይን መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤታቸውን ጭምር፣ በትኬት እናሳያለን። ጃንሆይ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ መስጠታቸውን ውርደት ያለ ሰው አልሰማሁም። የሕንዱ ልዩነት ባለቤቱ እዚያው ጓዳ መቀመጡ ብቻ ነው።

የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ የድንጋይ ጠራቢው የልጅ ልጅ በዚያ ዋጋ አንድ ሌሊት አያድርበትም። እውነት ነው። ስለዚህ የእኔ ክርክር የሚቆመው በሆቴሉ ሳይሆን በሙዚየሙ ነው። ሰዓቶቹን፣ አሮጌዎቹን መኪናዎች፣ ገለባ የተጠቀጠቁትን ነብሮች ለማየት የሚበቃው የመግቢያ ትኬት ነው። ሀብታሙ በአልጋው የሚከፍለው ጣሪያው ለሁሉም እንዳያፈስ ከዋለ ይክፈል፤ እንዲያውም ይጨመርበት! የጠራቢዎቹም ታሪክ ከነብሮቹ ያላነሰ ቦታ ይገባዋል።

ለእትዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሳሎንዎን ለሰርግ ማከራየት ከጀመሩ ግን ከዚህ ደብዳቤ ኮሚሽን አለኝ።

አክባሪዎ፣ ታናሽ ወንድምዎ