የአልጋ ሥር ጫካ

ኢሉባቦር ውስጥ ዛፍ ያለው ቤተሰብ ብርቅ ነው። ዛፍ ስል ደጅ የቆመውን ዋንዛና ቀረሮ፣ ወደ ሶር ፏፏቴ ስትወርዱ ፀሐይ የሚከለክለውን ጫካ ማለቴ አይደለም። እሱማ ማንም ሳይገዛው የበቀለ፣ ደረሰኝ የሌለው ዛፍ ነው። እኔ የምለው ዓመቱን ሙሉ አልጋ ሥር በካርቶን ተኝቶ ከርሞ፣ ታኅሣሥ 16 የፈረንጁ ገና ሲውል አቧራው ተራግፎ የሚነሣውንና እስከ ጥምቀት የሚቆመውን ነው።

የእኛ ቤት፣ ተመስገን፣ ባለዛፍ ነው። መቱ ስንገባ ክንድ የማትሞላ አንዲት የፕላስቲክ ጥድ ነበረችን፤ ዛሬ ሦስት ደርሰዋል፣ አንዷ እንዲያውም ነጭ ናት። ከእነሱ ጋር አራት ካርቶን ጌጥ አለ፦ ብልጭልጩ፣ ደወሉ፣ ኮከቡ፣ ወገቡ ላይ ባትሪ የሚጎርሰው የገና አባት። የቅድመ አያታችን ጋሻ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። በ2009 የተገዛው ኮከብ ግን አንድ ጫፉ ብቻ ጎድሎ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በክብር ተቀምጧል። ትልቁ ጥድ የሚቆመው መስኮቱ ጋ ነው፤ ፊቱ ለመንገደኛ፣ ጀርባው ለእኛ። በዓሉን የምናሳልፈው ሽቦውን እያየን ነው።

ከሁሉ የምወደው በረዶውን ነው። ጎሬና መቱ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው ቦታዎች ናቸውና ከሰማይ የሚወርድ ነገር አጥተን አናውቅም። የጎደለችን እንደ ዱቄት የምትነሰነሰዋ የፈረንጅ በረዶ ነበረች። እሷንም እህቴ ከመድኃኒት ቤት ገዝታ ሞላችልን፤ የቁስል ጥጥ ነው። ጥዱ ላይ ስትበታትነው ዛፉ ቀዶ ሕክምና ላይ ውሎ የመጣ ይመስላል። መብራቱም አለ፣ ባለ መቶ አምፖል፣ ብልጭ ድርግም የሚል። በእኛ ሰፈር ብልጭ ድርግም ለማለት ልዩ ገመድ መግዛት ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አልገባኝም።

ቄጠማውንም አሰናብተነዋል። በሁለተኛው ቀን ይጠወልጋል፣ መጥረጊያ ይፈልጋል፣ ደግሞ ይሸታል። ረከቦቱ ሥር አሁን የተነጠፈው ሰው ሠራሽ ሳር ነው፤ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ይታጠፋል። ደጅ ያለው ሳር ሙሉ በሙሉ ለላሟ ተለቀቀ፤ እሷ ስለ ሥልጣኔያችን ቅሬታ የላትም።

የጥዱ ነገር ከየት እንደመጣ ደግሞ መነገር አለበት። ጀርመኖች ጥድ ቤት ማስገባት ሲጀምሩ የሚሰቅሉበት እውነተኛ ፖም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ላውሻ የምትባል ከተማ ብርጭቆ ሠሪዎች በፖሙ ፈንታ የብርጭቆ ኳስ ነፍተው አቀረቡ። አልፈርድባቸውም፤ በእነሱ ገና ከጥድ በቀር ዛፍ ሁሉ ራቁቱን ነው። ዛሬ ኳሱ ፕላስቲክ ሆኗል። አብዛኛው የሚሠራው ዪዉ በምትባል የቻይና ከተማ አካባቢ ነው። ባሕር ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከዚያ ወደ 600 ኪሎ ሜትር በመኪና ተንገላቶ መቱ ይደርሳል።

ሲደርስ ታዲያ የሚያገኘው የቡና ለቀማ ነው። አረንጓዴ ቅጠል ላይ ቀያይ ድቡልቡል ፍሬ፣ ማንም ሳይሰቅለው፣ በየጓሮው ተደርድሮ። የያዮን ጫካ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የጫካ ቡና መገኛነቱን አይቶ መዝግቦታል፤ ከ160 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። እንከኑ አንድ ነው፤ ካርቶን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ቀዩን ፍሬ እንለቅምና እናደርቀዋለን፣ ጀንፈል ብለን እንሸጠዋለን፣ በገንዘቡም ቀይ የፕላስቲክ ኳስ እንገዛለን። ፍሬ ሰጥቶ የፍሬ ምስል የሚቀበል ነጋዴ! ያውም የራሱን ፍሬ ሳይሆን የፖምን።

ባለፈው ዓመት አያታችን ከዳሪሙ ለበዓሉ መጥተው ነበር። ለቀማ ላይ ሰንብተው ስለነበር ጣታቸው ገና አልጠራም። ጥዱን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ከዚያ አንዱን ቀይ ኳስ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ይዘው፣ የበሰለ ቡና ፍሬው ተፈልቅቆ እንደሚወጣ፣ ጨመቅ አደረጉት። ምንም አልወጣም። ሌላውን ሞከሩ።

«ይሄስ ገና ነው» አሉ።

«አዎ እማማ፣ ገና ነው!» አለች እህቴ፣ ደስ ብሏት።